በአንድ እጅ የተማረው ፖከር

ወንድሜ ፖከር የተማረው ወንበር ላይ ታስሮ ነው። ታስሮ ስል አላጋነንኩም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት፣ ግራ ክንዱ ላይ ሁለት ወፋፍራም መርፌዎች ይሰኩና ደሙ በቱቦ ወጥቶ፣ ማሽን ውስጥ ታጥቦ፣ ተመልሶ ይገባል። ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል፤ ሥራቸውን የሚሠራላቸው ያ ማሽን ነው። እጥበቱ እስኪያልቅ ግማሽ ቀን ይሄዳል፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ክንዱ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከተነቃነቀ ማሽኑ ይጮኻል፤ ማሽኑ ከጮኸ ሲስተሯ ትጮኻለች። የራሱ የሆነው ቀኝ እጁ ብቻ ነው።

ከመታመሙ በፊት ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ሰዎች በሁለት ፎቅ መሃል ተሰንቅረው ሲያለቅሱ፣ ከላይ ጎንበስ ብሎ «አይዟችሁ፣ ምንም እንዳትነኩ፣ መጣሁ» የሚለው ድምፅ የእሱ ነው። ቁጭ ብሎ ምሳ ሲበላ አይቼው አላውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው ወንበር ላይ አስቀምጠው «አትነቃነቅ» ሲሉት የሆነ ነገር እንደሚያመጣ ማወቅ ነበረብን። መጀመሪያ ሲስተሮቹን ነዘነዘ። ቀጥሎ የማሽኑን ድምፅ እያዳመጠ «ይቺ ፓምፕ ደህና አይደለችም» እያለ ቴክኒሻኑን አሰቃየው። በመጨረሻ ባለ ኮፍያውን አገኘ።

ባለ ኮፍያው ጎኑ ባለው ወንበር ላይ የሚታጠብ ጡረታ የወጣ ታክሲ ነጂ ነው፤ መርፌ ሲሰካበትም ሲነቀልበትም ኮፍያውን አያወልቅም። ስልኩን ደረቱ ላይ አስደግፎ በአውራ ጣቱ ቀስ እያለ ሲነካካ ላየው ሰው ጸሎት የሚያነብ ይመስላል። ጸሎት አይደለም፣ ፖከር ነው። ከማን ጋር እንደሚጫወት እሱም አያውቅም፤ አንዱ የት እንዳለ፣ ሌላው የት እንዳለ እግዜር ይወቅ።

«ምን ያደርግልዎታል ይሄ ነገር?» አለው ወንድሜ አንድ ቀን።

«እዚህ ክፍል ውስጥ እኔን የሚጠይቀኝ የለም» አለ ባለ ኮፍያው። «ክንድህን ዘርጋ እባላለሁ፣ እዘረጋለሁ። ውሃ አትጠጣ እባላለሁ፣ አልጠጣም። እዚያ ግን ካልፈለግኩ ካርታዬን ጥዬ እወጣለሁ። ማንም ለምን አይለኝም።»

ወንድሜ በዚያው ቀን ስልኩ ላይ ጨዋታውን ጫነ።

የመጀመሪያ ሰሞን የተጫወተው በውሸት ገንዘብ ነው። ለጀማሪ በነጻ የሚታደል፣ ቺፕ የሚሉት አለ፤ ሲያልቅብህ በነጋታው ደግመው ይሰጡሃል። እሱም በየቀኑ ሙልጭ ይላል። የደረሰችውን ካርታ ሁሉ መጫወት፣ የጨመረበትን ሰው ሁሉ መግጠም፣ ከዚያ «ይሄ ኮምፒውተር ያጭበረብራል» ማለት። እኔ ልወስደው ስመጣ ፊቱ ቀልቶ አገኘዋለሁ፣ እጥበቱ ተስማማው ብዬ ደስ ይለኛል። ለካ በማያውቀው ሰው ተናዶ ነው።

«ልጄ፣ ከሚሰጡህ ካርታዎች አብዛኞቹ የሚጣሉ ናቸው» ይለው ነበር ባለ ኮፍያው። «መጫወቱን ማንም ይችላል። የምትማረው መጣሉን ነው።»

እኔና ባለቤቴ መጋረጃ ቤት አለን። እኔ እሰፋለሁ፣ እሱ ሰው ቤት ሄዶ ግድግዳ ይበሳል፣ ሐዲዱን ይገጥማል፣ ይሰቅላል። ሱቃችን ከሆስፒታሉ ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ ወንድሜን የመውሰድ ሥራ የእኔ ነው። ገና መርፌው ሳይነቀል ከደረስኩ፣ በሁለቱ ወንበሮች መሃል ባለችው በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ትምህርቱን እሰማለሁ። ሳልፈልግ ፖከር አወቅኩ ማለት ነው።

አንድ ቀን ባለ ኮፍያው ስለ ሰዓት አስተማረው። ፊት ለፊት ስትጫወት የሰውን እጅ ታያለህ፣ ላቡን ታያለህ፣ ምራቁን ሲውጥ ታያለህ። ስልክ ላይ ፊት የለም። ያለህ አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ለመመለስ የፈጀበት ጊዜ። ካርታው የጠነከረለት ሰው ያስባል፣ ስንት ልጨምርበት ይላል። ጣትህን ሳታነሳ የሚመልስልህ ሰው ግን አላሰበም። ወይ ፈርቷል፣ ወይ እንዲያልፍለት ብቻ ፈልጓል።

«እንዲህ ያለውን ምን ታደርገዋለህ?» አለና ራሱ መለሰ። «ትጫነዋለህ። ባይኖርህም እንዳለህ ሆነህ ትጨምርበታለህ። ብለፍ የሚሉት ይሄን ነው። ባዶ ከሆነ ጥሎ ይሮጣል።»

ወንድሜ ይሄን ሲሰማ ዓይኑ በራ። እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም።

«አባባ፣ ጥሎ ሲሄድ ባዶ እንደነበረ በምን ያውቃሉ?»

ባለ ኮፍያው ወደ ወንድሜ ዞረ፤ ወንድሜ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። «አታውቂማ» አለኝ። «ጥሎ የሄደ ሰው ካርታውን አያሳይሽም። ባዶ ነበር እያልሽ ራስሽን ታጽናኛለሽ እንጂ።»

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ሰውን ሁሉ በሰዓት ይለካ ጀመር። ሲስተሯ «ትናንት ውሃ አብዝተሃል?» ስትለው ሆን ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ቆይቶ «ኧረ አላበዛሁም» ይላል። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ጉዱ ይወጣል። ሱቃችን ቁጭ ብሎ ደንበኛ ሲመጣ፣ «ይሄ ዋጋውን ሲሰማ ቶሎ ውድ ነው አለ፤ አትቀንሺለት፣ ይገዛል» ይለኛል። ሰውየው ወጥቶ ይሄዳል። ባለቤቴ መሰላል ላይ ሆኖ በሣቅ ይፈርሳል። «አማችዬ፣ አንተ በዚህ አያያዝህ ሱቁን ታዘጋልናለህ!» እንሥቅበት ነበር። ቢያንስ ወንድማችን የሚያወራው ነገር አግኝቷል፤ ከዚያ በፊት ስለ መርፌ ብቻ ነበር የሚያወራው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ሐኪሙ አንድ ቀን እኔንና ወንድሜን ቢሮው ጠራን። የወንድሜ ክንድ ላይ ለእጥበት ብለው በቀዶ ጥገና ያዘጋጁት የደም ሥር ደጋግሞ እየተደፈነ ነው፤ ሌላ ቦታም ሞክረው አልሆነም። ማሽኑ ለዘላለም አያኖረውም። መፍትሔው ከቅርብ ዘመድ ኩላሊት ማግኘት ነው፣ በደም ዓይነት እህቱ ትሆናለች ብለን እናስባለን፣ ግን በደንብ አስባችሁ...

«እሰጣለሁ» አልኩ።

ሐኪሙ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም ነበር። መነጽሩን አውልቆ አየኝና ሣቅ አለ። ወንድሜ አልሣቀም፤ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። እንደዚያ ሲያየኝ ደስታው አፉን የያዘው መስሎኝ ነበር።

ምርመራው ተጀመረ። ደም፣ ሽንት፣ ፎቶ፣ እንደገና ደም። ለእኔ አንድ ነገር አጥብቀው ነገሩኝ፤ ኩላሊቱ እስኪወጣና እስክድን ድረስ እንዳላረግዝ። ቀላል ነገር አልነበረም። እኔና ባለቤቴ ሱቁ እስኪቆም፣ ዕዳው እስኪያልቅ እያልን ልጅን ስንገፋው ኖረን በዚያው ዓመት ነበር «በቃ አሁን» ያልነው። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። «ወንድምሽ ነው፣ ስጪው» አለኝ። ግን ሰው ነውና አንድ ከሰዓት ሱቅ ውስጥ ሐዲድ እየለካ ገነፈለ።

«እሺ፣ ስጪው አልኩ። የእኛስ ልጅ? መቼ ነው የእኛ ተራ?»

የሴንቲሜትር መለኪያዬን ወረወርኩበት። እሱም አንስቶ መልሶ ወረወረልኝ። በር ላይ ጥላ አየሁና ዞር ስል ወንድሜ ቆሟል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የቆምከው?» አልኩት።

«አሁን መምጣቴ ነው» አለ። ጨርቅ መርጦ እንደሚገዛ ሰው መጋረጃዎቹን እያገላበጠ ትንሽ ቆየና ሄደ። መስማቱን ጠርጥሬአለሁ። ግን እሱም ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ። በእኛ ቤት እንዲህ ነው፤ ስለ ሚስማርና ስለ ጨርቅ ቀኑን ሙሉ እንጨቃጨቃለን፣ ዋናው ነገር ላይ ስንደርስ ሁላችንም ጨዋ እንሆናለን።

በዚያው ሰሞን ባለ ኮፍያው ሞተ። ማንም አልነገረን። አንድ ጠዋት ስንገባ ወንበሩ ላይ አንዲት ተማሪ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ወንድሜ ቆሞ አያት፣ ከዚያ ሄዶ የራሱ ወንበር ላይ ተቀመጠና ክንዱን ዘረጋ። ስልኩን አወጣ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነተኛ ገንዘብ ተጫወተ። ትንሽ ነው፣ ከሻይ ገንዘብ የሚበልጥ አይደለም፤ ቤቱን የጎዳው ገንዘቡ አልነበረም። የጎዳው ካርታ መጣልን የሚያስተምረው ሰው ሄዶ፣ ብለፉ ብቻ በእጁ መቅረቱ ነው።

በዚያው ወር ሱቅ መጣ። ባለቤቴ ሰው ቤት ሊሰቅል ሄዷል። እኔ ማሽኑ ላይ ነኝ፣ የአንድ ሆቴል መጋረጃ ጠርዝ እየመታሁ። የጨርቅ ጥቅል ላይ ቁጭ አለና ፊት ለፊቴ ሆነ።

«ክብሪት» አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሜ ይሄ ነው ለእሱ፤ ጫር ሲያደርጉኝ ቦግ ስለምል። «ለጋሽ ተገኘ።»

እግሬን ከፔዳሉ ላይ አነሳሁ።

«የአጎታችን ልጅ ነው፣ ትልቁ። ደሙ ከአንቺ የበለጠ ገጥሟል። ተስማምቷል። ግን እናቱ ከሰማች ታስቀረዋለች፤ ስለዚህ እስኪያልቅ ማንም እንዳይደውልለት ብሏል። አንቺም እንዳትደውይለት። ምርመራሽን ተይው፣ እኔ ለሆስፒታሉ እነግራቸዋለሁ።»

«ተመስገን!» አልኩ።

ተነስቼ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። አለቀስኩም። እሱ ግን ትከሻዬን ይዞ ትንሽ ራቅ አደረገኝና ፊቴን አየው። ረጅም አስተያየት ነው ያየኝ። ሊድን ስለሆነ ሆድ ብሶት ነው አልኩ። «በይ፣ ልጃችሁን ውለዱ እንግዲህ» ብሎ ወጣ።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ ብሎኛል። መጀመሪያ ለእሱ፣ ቀጥሎ ለራሴ። ሆዴ ሊቀደድ ነበር፣ ተረፈ። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ ከዚያ «የተናገርኩትን ይቅር በይኝ» አለኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ አረገዝኩ።

ለወንድሜ የነገርኩት እዚያው ወንበሩ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ክንዱ ጨርሶ እምቢ ብሎ በአንገቱ ሥር ቱቦ አስገብተውለት ነበር፤ ቱቦው በፋሻ ተጠቅልሎ ከሸሚዙ በላይ ይታያል። ስነግረው ቀና ብሎ ሆዴን አየ።

«ስንት ወርሽ ነው?»

ነገርኩት።

«አሃ» አለ። ከዚያ ሣቀ፣ እጄን ጨበጠ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። «ያንተስ መቼ ነው?» ስለው «በቅርቡ፣ ወረቀት ነገር ቀርቷል» አለ። ወረቀት ነገር ሁሌም ይቀራል፣ አመንኩት። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኝ ነበር፤ ዋና ሲስተሯ። ድሮ ስገባ «የእኛ ጀግና መጣች» የምትለኝ ሴት፣ ሰላም ስላት ግድግዳውን ማየት ጀምራለች። ሥራ በዝቶባታል፣ ደክሟታል፣ እያልኩ ሰበብ እፈልግላት ነበር።

ነገሩ የፈነዳው ሆዴ ገፋ ብሎ በግልጽ ሲታይ ነው። ለወንድሜ ንጹሕ ሸሚዝ ይዤ ስገባ ዋና ሲስተሯ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ። ሆዴን አየች።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለችኝ፣ ስድብ በሚመስል ድምፅ። ከዚያ መያዝ አቃታት። «እኔ አልፈርድብሽም። መብትሽ ነው። ሰው ይፈራል። ግን ሐሳብሽን ስትቀይሪ ቢያንስ ራስሽ መጥተሽ ለሐኪሙ ብትነግሪው ምን ነበረበት? ለምን እሱን ትልኪዋለሽ? 'እህቴ ትታዋለች፣ አትውቀሷት' ሲለን አንጀታችንን ነው የበላው።»

«ማን ነው የተወው?»

«አንቺ ነሻ።»

«የአጎታችን ልጅ እኮ ሊሰጠው ነው።»

«የምን የአጎት ልጅ?» አለች። «አንድም ሰው መጥቶ አያውቅም።»

ሸሚዙ ከእጄ ወደቀ፣ እሷ ናት ያነሳችው። ፊቴን አይታ ገባት መሰለኝ ክንዴን ያዘች፤ አስለቅቄያት ገባሁ።

ወንድሜ ማሽኑ ላይ ነው። ስልኩን ይዟል።

«የአጎታችን ልጅ ደህና ነው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፣ ከኋላዬ በር ላይ የቆመችውን ሲስተርም አየ። ስልኩን ሆዱ ላይ ደፋው።

«ክብሪት፣ እዚህ አትጩሂ።»

«እጮኻለሁ! ምን ታደርገኛለህ? ተነስተህ ሂድ እስቲ!»

ተማሪዋ ደብተሯን ዘጋች። የክፍሉ ሰው ሁሉ ዞረ። እኔ በርጩማዋን ጎትቼ አፍንጫው ሥር ተቀመጥኩ፤ ሆዴ እንደ ልቤ አላስጎነብስ ብሎኛል።

«ለምን?» አልኩት።

«ላይሽ ፈልጌ ነው።»

«ምኔን?»

«ከልብሽ መሆኑን» አለ። «ሐኪሙ ተናግሮ ሳይጨርስ እሰጣለሁ አልሽ። ለአንዴ እንኳ አላሰብሽም። እንደዚያ የሚመልስ ሰው ወይ ፈርቷል፣ ወይ አፍሯል። ባልሽንም ሰማሁት። እና መውጫ ልስጣት አልኩ። ሸክሙን ሳነሳላት ምን እንደምትሆን ልይ አልኩ። 'ተመስገን' አልሽ። ፊትሽ ሁሉ በራ። በቃ፣ ያየሁትን አየሁ አልኩ።»

«ምን አየህ?»

«ልትሰጪኝ እንደማትፈልጊ።»

ያን ጊዜ ልመታው ነበር። ቱቦ አንገቱ ውስጥ ያለን ሰው። እጄን ጭኔ ሥር አደረግኩት።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ፊቴ የበራው ልትድን ነው ብዬ ነው። አዎ፣ ከቢላውም ስላመለጥኩ ደስ ብሎኛል። ማነው ደስ የማይለው? እየፈራሁ ነበር የምሰጥህ። መፍራትና አለመስጠት ምን አገናኛቸው?»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ ቶሎ...»

«ጨርሼው ነበራ! ሐኪሙ ሳይጠራን በፊት ጨርሼው ነበር። መጀመሪያ ቀን እዚህ አስገብተውህ ክንድህን ሲወጉህ፣ እኔ እዚያ ኮሪደር ላይ ቆሜ የሚያስፈልገው የእኔ ከሆነ እሰጣለሁ ብያለሁ። ሐኪሙ ፊት ምኑን ነው የማስበው? ደግሞ እኔን አታውቀኝም? ክብሪት ያልከኝ አንተ አይደለህም? በዕድሜዬ አስቤ የመለስኩት ነገር አለ?»

የስልኩን ጀርባ በአውራ ጣቱ ያሽ ጀመር።

«እሺ፣ ዋሸኸኝ። ኋላስ? ከማርገዜ በፊት ስንት ጊዜ ነበረህ?»

«አፈርኩ» አለ። «ደግሞ ዋሽቼሽ ነው ብልሽ፣ አፍረሽ እንደምትሰጪኝ አወቅኩ። እንደዚያ የመጣ ነገር አልፈልግም አልኩ። ኮራሁ። ልጅ ያልሽኝ ቀን ደግሞ... ምን ልበልሽ? ደስ ብሎሽ ነበር።»

«ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አልኩት። «'ከልብሽ ነው ወይ' ብትለኝ? እኔ እኮ ስልክ ውስጥ ያለ ሰው አይደለሁም። አጠገብህ ነበርኩ። ያልከኝን ሁሉ የማምንህ ሰው ነኝ፤ ለዚህ ነው ያመንኩህ።»

ቀኝ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ቱቦው ተጎተተና ማሽኑ መጮኽ ጀመረ። ሲስተሯ መጥታ ቱቦውን አስተካከለች፣ ቁልፉን ተጫነችና ሄደች። እኔም አለቀስኩ። እየሰደብኩት ነው ያለቀስኩት፤ የማውቀውን ስድብ ሁሉ ጨረስኩበት፣ እሱም «ልክ ነሽ» እያለ ተቀበለኝ።

ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ሆዴን ይዤ «አሁን አይቻልም?» አልኩት። መልሱን አውቀዋለሁ፣ ግን ጠየቅኩ። ትወልጃለሽ፣ ከወለድሽ በኋላ ሰውነትሽ እስኪመለስ ወደ አንድ ዓመት እንጠብቃለን፣ አለኝ። እስከዚያ ወንድሜስ? ስለው ወረቀቶቹን አስተካከለ። የአንገት ቱቦ ለረጅም ጊዜ የሚሆን ነገር አይደለም፣ አለ። ለአጎታችን ልጅ ደውዬ እውነት እውነቱን ነገርኩት፤ መጥቶ ተመረመረ፣ ደሙ ጭራሽ አይገጥምም። ባለቤቴም ሄዶ ተመረመረ፣ እሱም አልገጠመም። ከሆስፒታሉ ሲመለስ መሰርሰሪያውን አንስቶ የሱቁ ግድግዳ ላይ ያለምክንያት ቀዳዳ ሲበሳ አገኘሁት።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ስልኩ ላይ ካርታ አልተጫወተም። እኔም ሱቁን ለባለቤቴ እየተውኩ እጥበቱ እስኪያልቅ አጠገቡ መቀመጥ ጀመርኩ። ስለ ሊፍት ያወራኛል። በአንድ ሕንጻ ውስጥ ሙሽሮች ተሰንቅረው ሲጣሉ እንዴት እንዳወረዳቸው፣ ሲወርዱ ለየብቻ ታክሲ እንደያዙ። እሥቃለሁ። ከዚያ አንገቱን አያለሁና ሣቁ ይቆምብኛል። ተቆጥቼ ነው የምቀመጠው፣ ይሄን ልደብቅ አልፈልግም፤ እወደዋለሁ፣ ተቆጥቼውም አላበቃሁም። አንድ ቀን «ሴት ከሆነች እንዳንቺ ቶሎ ቶሎ ትናገር» አለኝ። «ዝም በል» አልኩት።

እርግዝናዬ ስምንት ወር ሲደርስ ቱቦው የገባበት ቦታ አመረቀዘ። ብርድ ብርድ አለኝ አለ፣ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱት። እርጉዝ ስለሆንኩ አላስገቡኝም። በመስታወቱ ውስጥ እግሮቹ ብቻ ይታዩኝ ነበር። ባለቤቴ እየገባ እየወጣ «ነቅቷል»፣ «ተኝቷል»፣ «ጠየቀሽ» ይለኛል። ሦስተኛው ቀን ላይ ወጣና መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

ቀበርነው። ዋና ሲስተሯ መጥታ ነበር። ተማሪዋም መጥታለች፤ ስሙን እንኳ በቅጡ የምታውቅ አይመስለኝም።

በሚቀጥለው ሳምንት የእርግዝና ክትትል ነበረኝ። አልሄድም ብዬ ነበር፣ ባለቤቴ ለምኖ ወሰደኝ። እንደ ወትሮው ሽንት ሰጥቼ ላቦራቶሪው መስኮት ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ደስተኛ ሰው ነው፣ ከሁሉም ጋር ይቀልዳል። ዓይኔ ማበጡን አይቶ ሊያጽናናኝ ፈልጎ መሰለኝ፣ ወረቀቱን ከመስጠቱ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ።

«ምንም የሚያሳስብ ነገር የለም። ኩላሊትሽ አንደኛ ነው።»

«ሁለቱም?» አልኩት።

ሣቀ። «ሁለቱም እንጂ! አንዱም ይበቃሽ ነበር እኮ።»

ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ። ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ «ምን አሉሽ?» አለኝ። «ጤነኛ ነሽ አሉኝ» አልኩትና ግድግዳውን ተደግፌ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።